ለድሮ መኪና ካንዴላ ስንመርጥና ጋፕ ስናስተካክል፦ ካርቶኑ ላይ ያለው ቁጥር ለምን አይበቃም

ከራሴ ጥፋት ልጀምር። ፑንቲና (ለካንዴላ የሚሄደውን ኤሌክትሪክ እየከፈተ የሚዘጋ ትንሽ መገናኛ) ያላት የድሮ መኪና ነበረችኝ፣ አራቱንም ካንዴላ (ሲሊንደር ውስጥ ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለውን እሳት የሚሰጠው) አዲስ ገዝቼ ከካርቶናቸው እንደወጡ አሰርኳቸው፣ ደሞ ውዶቹን ነው የገዛሁት፣ ሚኒሞ ላይ (ነዳጅ ሳይረገጥ ቆማ ስትሰራ) ድምጿ እንኳን አይሰማም፣ ደስ አለኝ። ዳገት ላይ ግን ሦስተኛ ማርሽ አስገብቼ ነዳጅ ረገጥ ሳደርግ ትቆራርጣለች፣ እየተንተባተበች ትጎተታለች፣ ለቀቅ ሳደርግላት መልሳ ሰላም። ያየ ሰው ሁሉ ካርቡራተር ነው አለኝ፣ እኔም አመንኩ፣ ሁለት ጊዜ አውርጄ ፈታትቼ አጠብኩት፣ የቤንዚን ፊልትሮ ቀየርኩ፣ ምንም። በመጨረሻ ሌላ የሚነካ ነገር ሳጣ ካንዴላ ፈትቼ ጌጅ (ክፍተት የሚለካ ስስ ብረት) ባስገባበት ክፍተቱ፣ ማለትም ጋፑ፣ ጫፉ ላይ ባሉት ሁለት ብረቶች መሃል ያለው ርቀት፣ 1.1 ሚሊሜትር፣ የመኪናዋ ማኑዋል ደሞ የሚለው 0.65 አካባቢ። አራቱንም አጥብቤ መልሼ አሰርኩ፣ በቃ፣ ዳገቷን ወጣች። ያ ሁሉ የካርቡራተር እጥበት ለባዶ።

ለምን እንደዛ እንደሆነ ከገባችሁ ግማሹን ጨርሳችኋልና እሱን ላስረዳ። ፑንቲና ባለው መኪና ላይ ቦቢናው (ቮልት የሚያሳድገው ጥቅል ሽቦ) የባትሪውን 12 ቮልት (በጣም የድሮ ከሆነ 6 ቮልት) ይቀበልና ፑንቲናው በተከፈተ ቁጥር ወደ ብዙ ሺ ቮልት አሳድጎ በዲስትሪቢውተሩ በኩል ለየካንዴላው ያከፋፍላል። ብዙ ሰው የሚስተው ግን ቦቢናው ሁልጊዜ አቅሙን ሁሉ አውጥቶ አይልክም። ቮልቱ ከዜሮ ተነስቶ ይወጣል ይወጣል፣ እሳቱ ክፍተቱን መዝለል የቻለ ጊዜ እዛው ላይ ይቆማል። ትንሽ ክፍተት ከሆነ ቶሎ ይዘላል፣ ሰፊ ከሆነ ብዙ መውጣት አለበት፣ እንግዲህ የቦቢናው ጣሪያ ሳይዘል ከደረሰ እሳት የለም፣ ያ ሲሊንደር ያንን ዙር ዘለለ ማለት ነው። የሚዘለው ነገር ደሞ ርቀት ብቻ አይደለም፣ የታመቀ አየር ነው። ሚኒሞ ላይ ካርቡራተሩ ጉሮሮው ዝግ ስለሆነ ሲሊንደሩ ውስጥ የሚገባው ትንሽ ነው፣ ግፊቱም ትንሽ ነው፣ ስለዚህ 1.1ም ቢሆን ይዘለዋል። ዳገት ላይ ነዳጅ ስትረግጡ ሲሊንደሩ ጢም ብሎ ይሞላል፣ ግፊቱ ይጨምራል፣ እሳቱም ያንን ወፍራም አየር ሰንጥቆ ለማለፍ በጣም ብዙ ቮልት ይፈልጋል፣ የድሮው ቦቢና ደሞ ያን ያህል የለውም። የኔዋ ነገር ይሄው ነበር፣ ሲቀላት ትሰራለች ሲከብዳት ታቋርጣለች።

ታዲያ በቃ አጥብቦ መገላገል ነው አትበሉ። በጣም የጠበበ ክፍተት ውስጥ የሚፈጠረው እሳት ትንሽ ነው፣ ዙሪያውን ያሉት ሁለቱ ብረቶች ሙቀቱን ይመጥጡበታል፣ ነበልባሉ ሳያድግ ይጠፋል፣ በተለይ ሚኒሞ ላይና ሞተሩ ገና ሳይሞቅ። ስለዚህ ፑንቲና ላለው መኪና አብዛኛውን ጊዜ የምታገኙት ከ0.6 እስከ 0.7 ሚሊሜትር ነው፣ በኢንች ለሚጻፉት ማኑዋሎች 0.025 ማለት ነው፣ እሱም ወደ 0.64 ሚሊሜትር ይመጣል። ማግኔቶ (ያለ ባትሪ በማግኔት እሳት የሚያመነጭ) ያላቸው ደሞ ከዚህም ይጠባሉ፣ 0.4 እና 0.5 ውስጥ ነው ብዙ ጊዜ። ኤሌክትሮኒክ ኢግኒሽን ይዘው የተሰሩት ከ0.8 እስከ 1.1 ይሄዳሉ። ካርቶን ላይ ያለው ወይም ፋብሪካው አስተካክሎ የላከው ክፍተት ለየትኛው እንደታሰበ አታውቁም፣ አንድ ካንዴላ መቶ ዓይነት ሞተር ላይ ስለሚገባ። ማኑዋሉ ያለውን ነው የምትከተሉት።

ፑንቲናውን አውጥታችሁ ኤሌክትሮኒክ ሞጁል ያስገባችሁ ሰዎች እዚህ ጋር ትጠይቃላችሁ፣ ክፍተቱን ላስፋው ወይ ብላችሁ። ቦቢናው የድሮው ከሆነ ባለበት ተዉት ነው የምለው። ቦቢናውንም ጠንካራ አድርጋችሁ ከቀየራችሁ 0.1 ሚሊሜትር ብቻ ጨምራችሁ ዳገት ላይ ሞክሩ፣ ደህና ከሆነ ሌላ ጨምሩ። አንድ ነገር ግን አስቡ፣ ክፍተቱ በሰፋ ቁጥር ያ ሁሉ ቮልት መውጫ ይፈልጋል፣ የድሮ የዲስትሪቢውተር ክዳን ላይ ስንጥቅ ካለ ወይም የካንዴላ ገመዱ ካረጀ በዛ በኩል ይወጣል። ማታ ጨለማ ውስጥ ኮፈኑን ከፍታችሁ ሞተሩ እየሰራ እዩት፣ ገመዶቹ ላይ ሰማያዊ ብልጭ ብልጭ ካያችሁ ችግሩ ካንዴላው አይደለም። እጅ ግን እንዳታስገቡ።

አሁን ወደ መምረጡ። መጀመሪያ የሚታየው የጥርሱ ውፍረትና ርዝመት ነው፣ እዚህ ላይ ስህተት ከሰራችሁ ሌላው ሁሉ ዋጋ የለውም። አብዛኛው መኪና 14 ሚሊሜትር ውፍረት ነው፣ 18 ሚሊሜትር የሆኑ አሉ፣ በጣም የድሮዎቹ ደሞ የራሳቸው ዓለም ናቸው፣ ፎርድ ሞዴል ቲ ለምሳሌ የውሃ ቧንቧ ላይ እንዳለው ጫፉ እየቀጠነ የሚሄድ የግማሽ ኢንች ጥርስ ነው ያለው። ውፍረቱ ከተሳሳተ አይገባላችሁም፣ ስለዚህ ብዙም አያሰጋም። አደገኛው ርዝመቱ ነው፣ ምክንያቱም ውፍረቱ አንድ ሆኖ ርዝመቱ የተለያየ ካንዴላ እጃችሁ ሳይሰማው ሙልጭ ብሎ ይገባል። 12.7 ሚሊሜትር እና 19 ሚሊሜትር ዋናዎቹ ናቸው። ቮልስዋገን ቢትል 12.7 ነው፣ የእንግሊዙ መኪና ኤምጂቢ ደሞ 19። 19ኙን 12.7 ቦታ ላይ ብታስሩት ስድስት ሚሊሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ያልፋል፣ ወይ ፒስተን ይመታዋል ወይ ቫልቭ፣ ባይመታው እንኳ ያለፉት ጥርሶች ይግላሉ፣ ካርቦን ይይዛቸዋል፣ ስትፈቱት ያ የደረቀ ካርቦን የቴስታታውን (ካንዴላው የሚታሰርበትን የሞተሩን ራስ) ጥርስ እየፋቀ ይዞት ይወጣል። አጭሩን ረጅም ቦታ ላይ ካሰራችሁ ደሞ ሞተሩ ይሰራል፣ ግን እሳቱ ጉድጓድ ውስጥ ተደብቆ ነው የሚሰጠው፣ ባዶ የቀሩት የቴስታታው ጥርሶች ካርቦን ይሞላቸዋል፣ በሌላ ጊዜ ትክክለኛውን ካንዴላ ልታስገቡ ስትሉ እምቢ ይላል። የድሮውንና አዲሱን ጎን ለጎን አቁማችሁ ጥርሳቸውን አስተያዩ፣ አስር ሰከንድ ነው የሚፈጀው። ሻጩ «ያው ነው» ካላችሁ ያው አይደለም፣ ለኩት።

የሚቀመጥበትንም እዩ፣ ሮንዴላ (የቀለበት ማሸጊያ) ያለው ነው ወይስ ሾጠጥ ብሎ ያለ ሮንዴላ የሚቀመጥ። ሁለቱ አይለዋወጡም።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው ሰውን ሁሉ የሚያምታታው የሙቀት ደረጃ የሚባለው ነው። ትኩስ ካንዴላ ማለት ትኩስ እሳት የሚሰጥ ማለት አይደለም! ይሄን ስንት ሰው ሲያስረዳ ሰምቻለሁ፣ ስህተት ነው። እሳቱ ያው ነው። ልዩነቱ ካንዴላው ራሱ ሙቀቱን ወደ ቴስታታ ለማስተላለፍ ባለው ፍጥነት ነው። ጫፉ ላይ ያለውን ነጭ ሴራሚክ ወደ ውስጥ ብታዩት አንዳንዱ ላይ ረጅም ነው፣ ብረቱን የሚነካው ጥልቅ ላይ ነው፣ ስለዚህ ሙቀቱ ብዙ መንገድ መሄድ አለበት፣ ጫፉ ሞቆ ይቆያል፣ እሱ ነው ትኩስ። ሴራሚኩ አጭር ሆኖ ብረቱን ቅርብ ላይ የሚነካው ደሞ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ እሱ ቀዝቃዛ ነው። የሚፈለገው ጫፉ ከ450 እስከ 870 ዲግሪ ሴልሺየስ ባለው ውስጥ እንዲቆይ ነው። ከ450 በታች ከወረደ ጥላሸቱን አያቃጥለውም፣ ጥላሸት ደሞ ኤሌክትሪክ ያስተላልፋል፣ ቦቢናው የላከው ቮልት ክፍተቱን ከመዝለል በጥላሸቱ ላይ ተንሸራቶ ወደ ብረቱ ይሄዳል፣ ጠዋት ጠዋት አልነሳም የሚለው መኪና ብዙ ጊዜ ይሄ ነው። ከ870 በላይ ከወጣ ጫፉ እንደ ፍም ይሆንና እሳቱ ሳይሰጥ በፊት ራሱ ቤንዚኑን ያቀጣጥለዋል፣ ፒስተኑ ገና ወደ ላይ እየመጣ እያለ ማለት ነው፣ እንዲህ ሆኖ ፒስተን የሚበሳ ሞተር አለ። በአንድ ደረጃና በሚቀጥለው መሃል ያለው ልዩነት የጫፉን ሙቀት ከ70 እስከ 100 ዲግሪ ይቀይረዋል፣ ስለዚህ አንድ ደረጃ ትንሽ ነገር አይደለም፣ ሁለት ደረጃ መዝለል ደሞ ቁማር ነው።

ቁጥሮቹ ናቸው እንግዲህ ሰው የሚያጠፉት። ኤንጂኬ፣ ቦሽ እና ሻምፒዮን የካንዴላ ፋብሪካዎች ናቸው። ኤንጂኬ ላይ የሙቀት ደረጃው ቁጥር ሲጨምር ካንዴላው ይቀዘቅዛል። ቦሽ እና ሻምፒዮን ላይ ቁጥሩ ሲጨምር ይሞቃል። ተቃራኒ! ቢፒ6ኢኤስ የሚለው ኤንጂኬ፣ ደብሊው7ዲሲ የሚለው ቦሽ እና ኤን9ዋይሲ የሚለው ሻምፒዮን አንዱ ባንዱ ቦታ የሚገቡ ናቸው፣ 6፣ 7፣ 9 ግን የተለያየ ነገር ይመስላሉ። ከኤንጂኬ 6 አንድ ደረጃ ቀዝቃዛ ልጠቀም ብሎ 7 የያዘ ሰው በቦሽ 7 ቢገዛ እዛው ነው ያለው፣ 8 ቢገዛ ደሞ ወደ ትኩሱ ሄደ። ይባስ ብሎ ቦሽ ራሱ አንድ ጊዜ ቁጥሩን ገልብጦታል፣ በድሮው አጻጻፍ 145፣ 175፣ 225 የሚሉ ነበሩ፣ እዛ ላይ ትልቁ ቁጥር ቀዝቃዛው ነበር፣ በአዲሱ 175 የነበረው 7 ሆነ፣ 225 የነበረው 5 ሆነ። የድሮ መኪና ማኑዋል ላይ የምታገኙት የድሮው ቁጥር ስለሆነ መቀየሪያ ሰንጠረዥ ሳታዩ አትግዙ።

የኤንጂኬውን ፊደል ባጭሩ ልፍታላችሁ ምክንያቱም ብዙ ቦታ የምታገኙት እሱን ነው። ቢፒ6ኢኤስ ውስጥ ቢ የ14 ሚሊሜትር ጥርስ ነው፣ ፒ ሴራሚኩ ከጥርሱ ጫፍ አልፎ ብቅ ያለ ነው ማለት ነው፣ 6 የሙቀት ደረጃው፣ ኢ ርዝመቱ 19 ሚሊሜትር (ኤች ቢሆን 12.7)፣ ኤስ ተራው የመዳብ እምብርት ያለው። መጨረሻ ላይ ሰረዝ ተደርጎ 11 ካለ 1.1 ሚሊሜትር ተከፍቶ የመጣ ነው፣ የኔን ጉድ የሰራችው ይቺ 11 ናት። ፒ ላይ ትንሽ ተጠንቀቁ፣ ብቅ ያለው ጫፍ ቀስ ብሎ ሲነዳ ቶሎ ይሞቃል በፍጥነት ሲነዳ ደሞ የሚገባው አየር ያቀዘቅዘዋል፣ ጥሩ ነገር ነው፣ ግን ከድሮ ጀምሮ ያለ ፒ የተሰራ ሞተር ላይ በተለይ ቫልቮቹ ከጎን በኩል ያሉት ላይ ቦታ መኖሩን ሳታረጋግጡ አታስገቡ።

አር የምትል ፊደል መሃል ላይ ከገባች ውስጡ ሬዚስተር አለው፣ 5 ሺ ኦም አካባቢ፣ ሥራው ራዲዮ ላይ የሚሰማውን ጭርርር ማጥፋት ነው። ፑንቲና ያለው መኪና ያለ አርም ይሰራል፣ በአርም ይሰራል። ኤሌክትሮኒክ ሞጁል ካስገባችሁ ግን ወይ ካንዴላው ወይ ገመዱ ሬዚስተር ይኑረው፣ አለበለዚያ ረብሻው ሞጁሉን ሊያሳስተው ይችላል።

ስለ ኢሪዲየም ደሞ ሁሉም ይጠይቀኛል። ኢሪዲየሙ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ባነሰ ቮልት ይዘላል፣ ብዙ ዕድሜ አለው፣ ውሸት አይደለም። ነገር ግን የድሮ ካርቡራተር አንዴ ቤንዚን ያበዛል አንዴ ያሳንሳል፣ ቾክ ተጎትቶ ይነሳል፣ አጭር መንገድ ሄዶ ይቆማል፣ እንዲህ ያለ ሞተር ላይ ውዱም ርካሹም እኩል ነው በጥላሸት የሚጠቁሩት። ርካሹን ቀይራችሁ ትቀጥላላችሁ፣ ውዱን ግን ያሳዝናችኋል፣ በዛ ላይ ጫፉ ቀጭን ስለሆነ ጋፕ ስታስተካክሉ ቶሎ ይሰበራል። ለኔ ለድሮ መኪና ተራው በቂ ነው። አራት እግር ያለው ካንዴላ አራት እሳት ይሰጣል የሚባለው ነገር ደሞ ተረት ነው፣ እሳቱ በቀለለው በኩል አንድ ጊዜ ብቻ ነው የሚዘለው።

ጋፑን ስናስተካክል እንዲህ ነው። አዲሱን ካንዴላ በግራ እጅ ያዙት፣ ጫፉን ወደ ብርሃን አድርጉት። የምንነካው ከላይ ቆልመም ብላ የመጣችውን ብረት ብቻ ነው፣ መሃለኛው አይነካም። ለማጥበብ ቆልማማዋን ጠንካራ እንጨት ላይ ቀስ አድርጋችሁ ጠቅ ማድረግ፣ አንዴ ጠቅ አድርጎ መለካት፣ ደግሞ ጠቅ። ለማስፋት ደሞ ለዚህ የተሰራ ጫፉ ቀዳዳ ያለው መሳሪያ አለ፣ ቆልማማዋን በቀዳዳው ይዞ ወደ ላይ ሳብ ማድረግ ነው፣ ከሌላችሁ ትንሽ ፒንሳ ይበቃል። ካቻቢቴ ክፍተቱ ውስጥ ከትቶ መሃለኛውን ተደግፎ መፈልቀቅ ግን የለም፣ ሴራሚኩ ውስጥ ውስጡን ይሰነጠቅና ከውጭ ምንም ሳይታይ እሳቱ በስንጥቁ ይሄዳል። እነዚያ ዙሪያቸው እየወፈረ የሚሄድ ሳንቲም የሚመስሉት መለኪያዎችም እንዲሁ ናቸው፣ ለማንበብ ደህና ናቸው፣ ለመፈልቀቅ ግን መሃለኛውን ስለሚደገፉ አልወዳቸውም። 0.65 ፈልጋችሁ ከሆነ የ0.65 ጌጅ ትንሽ ይዞ ይዞ ማለፍ አለበት፣ በሁለት ወረቀት መሃል እንደምትጎትቱት ስስ ነገር፣ 0.70ው ደሞ እምቢ ማለት አለበት። ሁለቱንም ካልሞከራችሁ አልለካችሁም። ቆልማማዋ ከመሃለኛው ጋር ትይዩ ሆና መቀመጧንም በጎን በኩል እዩ፣ አንድ ወገን ጠብባ አንድ ወገን ከሰፋች ጌጁ ጠባቡን ነው የሚነግራችሁ።

ያገለገለ ካንዴላ ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። እሳቱ ቆልማማዋን ከስር በኩል እንደ ማንኪያ ይቦረቡራታል። ጠፍጣፋ ጌጅ በዛ ጉድጓድ ላይ እንደ ድልድይ ያልፍና 0.65 ነው ይላችኋል፣ እውነተኛው ክፍተት ግን 0.8 ሊሆን ይችላል። ለዚህ ክብ የሽቦ ጌጅ ይሻላል፣ ወይም የመሃለኛው ጠርዝ ተሞርዶ እንደ ከረሜላ ዱልዱም ሆኖ ካያችሁት ጣሉትና አዲስ ግዙ፣ ምክንያቱም እሳት ከስለታም ጠርዝ ነው በቀላሉ የሚዘለው። በብረት ብሩሽ መፈግፈግም አይመከርም፣ ብሩሹ ነጩ ሴራሚክ ላይ የብረት ጭረት ይተዋል፣ ያም ጭረት ለቮልቱ መንገድ ይሆናል።

ባጭሩ አንድ ነገር ላንሳና ልለፍ፣ የቦቢናው ሁለት ትንንሽ ሽቦዎች ተገለባብጠው ከታሰሩ መኪናው ይሰራል ግን እሳቱ ደካማ ይሆናል። መሃለኛው ጫፍ የጋለ ስለሆነ ኤሌክትሮን በቀላሉ የሚለቀው እሱ ነው፣ እሱ ነጌቲቭ መሆን አለበት፣ ከተገለበጠ ብዙ ቮልት ይፈልጋል። ድሮ ፖዘቲቩ ቦዲ ላይ ይታሰር የነበረ የእንግሊዝ መኪና (ኤምጂቢ እስከ 1967 እንደዛ ነበር) ወደ ነጌቲቭ የተቀየረ ከሆነ የቦቢናው ሽቦ አብሮ መገልበጡን አረጋግጡ።

ስታስሩ ሞተሩ ቀዝቅዞ ይሁን፣ በተለይ ቴስታታው አሉሚኒየም ከሆነ። የድሮውን ከመፍታታችሁ በፊት ዙሪያውን ያለውን አፈርና አሸዋ በአየር ንፉት፣ አለበለዚያ ቀጥታ ሲሊንደር ውስጥ ነው የሚገባው። አዲሱን በእጅ ጀምሩ፣ ለእጅ ካልተመቸ ቁራጭ የጎማ ቱቦ ካንዴላው አናት ላይ ሰክታችሁ በሱ አዙሩት፣ ጥርሱ ከተዛነፈ ቱቦው ይንሸራተትና አይገፋም፣ ቁልፍ ግን ምንም ሳይል ጥርሱን በልቶ ይገባል። ሮንዴላው ከተቀመጠ በኋላ አዲስ ከሆነ ግማሽ ዙር ወይም ትንሽ አለፍ፣ ያገለገለ ሮንዴላ ከሆነ በጣም ትንሽ፣ ሮንዴላ የሌለው ሾጣጣ ከሆነ ደሞ ከዛም ያነሰ፣ የዙር አንድ አስራ ስድስተኛ። ቶርክ (የማጥበቂያውን ኃይል የሚለካ ቁልፍ) ካላችሁ ሮንዴላ ላለው የ14 ሚሊሜትር ካንዴላ አሉሚኒየም ላይ ከ25 እስከ 30 ኒውተን ሜትር። ጥርሱ ላይ ግሪስ ወይም ሌላ ቅባት መቀባት የለመዳችሁ ይቅርባችሁ፣ ስለሚያንሸራትት ሳታውቁት ከልክ በላይ ታጠብቃላችሁ።

መቶ ሁለት መቶ ኪሎሜትር ከነዳችሁ በኋላ አውጥታችሁ እዩአቸው፣ በሲሊንደር ቁጥራቸው ደርድሩ። ግራጫ ወይም ቀለል ያለ ቡኒ ከሆነ ደህና ነው። የድሮ መጽሐፍ ውስጥ ያለውን ጥቁር ቡኒ ቀለም አትጠብቁ፣ ያ ቀለም ቤንዚን ውስጥ እርሳስ በነበረበት ዘመን ነው፣ አሁን የለም፣ የመጨረሻዋ አልጄሪያ በ2021 እ.ኤ.አ. አቁማለች፣ የዛሬው ካንዴላ ነጣ ብሎ ነው የሚታየው፣ ነጣ ስላለ ብቻ ሞተሬ ጋለ ብላችሁ አትደንግጡ። የሚያስደነግጠው ሴራሚኩ ላይ ውሃ የቋጠረ የሚመስል ፊኛ ወይም የቀለጠ ነገር ስታዩ ነው። ደረቅ ጥቁር ጥላሸት ቤንዚን በዝቷል ወይም ካንዴላው ቀዝቅዟል ማለት ነው፣ እርጥብ ጥቁር የሚያብለጨልጭ ደሞ ዘይት ነው፣ የሚያሳልፈው ፋሻ (የፒስተኑ ቀለበት) ወይም የቫልቭ ጎማ ነው፣ ለዚህ አንድ ደረጃ ትኩስ ካንዴላ ቢያስገቡ ለጊዜው ያስታግሳል፣ ዘይቱ ግን አይቆምም። አንዱ ብቻ ጠቁሮ ሌሎቹ ደህና ከሆኑ አዲስ አትግዙ፣ የጠቆረውን ከጎረቤቱ ጋር አቀያይራችሁ እንደገና ንዱት። ጥቁረቱ ካንዴላውን ተከትሎ ከሄደ ካንዴላው ነው፣ እዛው ሲሊንደር ላይ አዲሱን እንግዳ ካጠቆረው ግን ካንዴላውን ተዉትና ገመዱን፣ ቫልቩን፣ ፋሻውን ማየት ጀምሩ።